ኬ4፦ ባለቤቱን ያዘናጋ ጥሩ ሎኮሞቲቭ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ የአሜሪካ የመንገደኛ ሎኮሞቲቭ ዓይነት ነው። መጠሪያው ኬ4 ነው። የፔንሲልቫንያ ባቡር ኩባንያ ከ1914 እስከ 1928 ባለው ጊዜ 425 ኬ4ዎችን ሥራ ላይ አውሎ፣ ከአትላንቲክ ዳርቻ እስከ ቺካጎና ሴንት ሉዊስ የሚሄዱ መንገደኞቹን ለአርባ ዓመት ያህል በእነሱ ሲያጓጉዝ ኖሯል። ዓመታቱንና ቀኖቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልናገር። ኩባንያው በአሜሪካ ከነበሩት የባቡር ድርጅቶች ከትልልቆቹ ግንባር ቀደሙ ነበር፤ በማስታወቂያዎቹም ላይ ራሱን የዓለም ባቡሮች መለኪያ አድርጎ ያቀርብ ነበር።

ይህን ዓይነት የመረጥሁት ከሁሉ ፈጣን ወይም ከሁሉ ግዙፍ ስለነበረ አይደለም፤ ከእሱ የፈጠኑም የገዘፉም ነበሩ። የመረጥሁት በሚገባ ታስቦበት፣ ተለክቶና ተፈትኖ የተሠራ መሣሪያ ስለነበረ ነው። ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስናየው ደግሞ ያው ጥሩነቱ ባለቤቱን ለብዙ ዓመታት እንዳዘናጋው እንረዳለን። ለ1914 ጥያቄ ትክክለኛው መልስ ነበር። ጥያቄው ከተለወጠ በኋላ ግን መልሱ ለሃያ ዓመት ያህል ሳይለወጥ ቆየ።

ጥያቄው ምን ነበር? መነሻው ከወንዝ ሥር ነው። እስከ 1910 ድረስ በፔንሲልቫንያ ባቡር ወደ ኒውዮርክ የሚመጣ መንገደኛ ጀርሲ ሲቲ ላይ ወርዶ ሃድሰን ወንዝን በጀልባ ይሻገር ነበር። ኩባንያው ከወንዙ በታች ዋሻ አስቆፍሮ ባቡሩን እስከ ማንሃተን መሀል ለማስገባት ወሰነ። ነገር ግን በዘመኑ የመንገደኛ ፉርጎዎች የሚሠሩት ከእንጨት ነበር፤ ከወንዝ በታች፣ በጠባብ ዋሻ ውስጥ የእንጨት ፉርጎ በእሳት ቢያያዝ ምን እንደሚከተል ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ስለዚህ ኩባንያው በ1906 ከዚያ ወዲያ የሚያሠራቸው የመንገደኛ ፉርጎዎች በሙሉ ከብረት እንዲሆኑ ወሰነ። ውሳኔው ብዙ ሕይወት ያዳነ ይመስለኛል። ሎኮሞቲቮቹን ግን ችግር ላይ ጣላቸው። አዲሱ የብረት ፉርጎ እያንዳንዱ ከ50 ቶን በላይ ይመዝናል። አሥርና አሥራ ሁለት የሚሆኑትን አያይዞ በአሌጌኒ ተራሮች ላይ መጎተት ለነበሩት ሎኮሞቲቮች ከአቅም በላይ ሆነ።

የኩባንያው የሜካኒክ ክፍል በአልቱና ከተማ ነበር። አልቱና በተራራው ግርጌ ለባቡር ተብላ የተቆረቆረች የፔንሲልቫንያ ከተማ ናት። እዚያ አልፍሬድ ጊብስ፣ አክሰል ቮግትና ጄምስ ዋሊስ የሚባሉ ሰዎች ነገሩን በደረጃ ያዙት። በ1910 ኢ6 የተባለውን፣ በያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ትላልቅ መንኮራኩሮች ያሉትን ሎኮሞቲቭ ሠርተው ለዓመታት ፈተኑት፤ በመጠኑ ከሚጠበቀው በላይ ጎበዝ ሆኖ አገኙት። በ1911 ደግሞ የአሜሪካ ሎኮሞቲቭ ኩባንያ ኬ29 የተባለ ግዙፍ ናሙና ሠርቶ አስረከባቸው። ከአንዱ ልክን፣ ከሌላው ጉልበትን ተማሩ። በግንቦት 1914 በአልቱና ካለው የጁኒያታ ፋብሪካቸው ቁጥር 1737 ወጣ፤ የመጀመሪያው ኬ4 እሱ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አልቱናው መፈተሻ ጣቢያ ጥቂት ልቆይ፤ በኔ እምነት የታሪኩ ልብ ያለው እዚያ ነው። መሣሪያው መጀመሪያ የታየው በ1904 በሴንት ሉዊስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ሲሆን፣ ኩባንያው በኋላ ወደ አልቱና አዛውሮ ቤት ሠራለት። ሎኮሞቲቩ ተገፍቶ ይገባና ትላልቆቹ መንኮራኩሮቹ ከወለሉ በታች በተተከሉ ሌሎች መንኮራኩሮች አናት ላይ ይቆማሉ። እሳቱ ይነዳል፣ እንፋሎቱ ይከፈታል። ሎኮሞቲቩ በሙሉ ኃይሉ ይሮጣል፤ ከቦታው ግን ንቅንቅ አይልም። የታችኞቹ መንኮራኩሮች ፍሬን ስላላቸው ተፈታኙ ከባድ ባቡር ወይም ዳገት የገጠመው ያህል እንዲታገል ያደርጉታል። ከበስተኋላው በጽኑ ግንብ ላይ የታሰረ መለኪያ ስንት ኪሎ ኃይል እንደሚስብ ይመዘግባል። ወደ እሳቱ የሚገባው ከሰል ይመዘናል። ወደ ቦይለሩ የሚገባው ውኃ ይመዘናል። በጭስ ማውጫው የሚወጣው ጋዝ ሙቀቱ ይለካል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የእንፋሎቱ ግፊት በያንዳንዱ ምት እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ በወረቀት ላይ ይሣላል። በዚያ ዘመን ብዙ የባቡር ድርጅቶች አዲስ ሎኮሞቲቭ ጥሩ መሆኑን የሚያውቁት ሐዲድ ላይ አውጥተው የነጂዎቹን አስተያየት በመጠየቅ ነበር። አልቱና ግን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከሰል ምን ያህል ሥራ እንደተገኘ በቁጥር ያውቅ ነበር። 1737 በዚያ ቆሞ ሲሮጥ ሲሊንደሮቹ ከ3,000 የፈረስ ጉልበት በላይ አወጡ። እንዲያም ሆኖ ኩባንያው ወዲያው ወደ ምርት አልሮጠም። ያንን አንድ ሎኮሞቲቭ ሦስት ዓመት ያህል ሲያሠራና ሲመዝን ቆይቶ በብዛት ማምረት የጀመረው በ1917 ነው። ይህን ትዕግሥት አደንቃለሁ።

መሣሪያው ራሱ እንዲህ ያለ ነው። ከፊት አራት ትናንሽ መሪ መንኮራኩሮች፣ መሀል ላይ ስድስት ትላልቅ ነጂ መንኮራኩሮች፣ ከኋላ ምድጃውን የሚሸከሙ ሁለት። የነጂዎቹ ቁመት 2.03 ሜትር ነው፤ ረጅም ሰው አጠገባቸው ቢቆም ከራሱ በላይ ያልፋሉ። አንድ ዙር ሲዞሩ ሎኮሞቲቩን 6.4 ሜትር ያህል ያስኬዱታል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲበር መንኮራኩሩ በሴኮንድ ከአምስት ጊዜ በላይ ይዞራል ማለት ነው፤ በያንዳንዱ ዙር ደግሞ ከባዱ ፒስተንና የብረት ዘንጉ አንዴ ሄደው አንዴ ይመለሳሉ። ሲሊንደሮቹ ወደ 69 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ውስጣዊ ስፋት አላቸው። ያለ ተጎታች የከሰልና የውኃ ጋሪው ክብደቱ 140 ቶን ገደማ ነው። የኩባንያውን ሎኮሞቲቮች ከሩቅ የሚለየው ግን የምድጃው ቅርጽ ነው። የብዙዎቹ ሌሎች ቦይለር ከጫፍ እስከ ጫፍ ክብ ሲሆን የኬ4 ወደ ኋላ ሲመጣ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ትከሻ ያለው ይሆናል። ቤልፔር የተባለ የቤልጅግ መሐንዲስ የፈጠረው አሠራር ነው። የውስጡና የውጪው ብረት ትይዩ ስለሚሆኑ ሁለቱን የሚያያይዙት ብሎኖች ቀጥ ብለው ይገባሉ፤ ውኃው ከሚፈላበት ቦታ በላይ ለእንፋሎቱ የሚተርፈው ቦታም ሰፊ ይሆናል። ለመሥራት ውድ ነው፤ ኩባንያው ግን ከዓመት ዓመት አልተወውም።

ሌላው ብልሃት ደግሞ ቦይለሩ ለኬ4 ብቻ አለመሆኑ ነው። በዚያው በ1914 ለጭነት የተነደፈው ኤል1 የሚባለው ሎኮሞቲቭ ያንኑ ቦይለር ለበሰ። ኤል1 574 ተሠርቷል። አንድ ቅርጽ ማውጫ፣ አንድ ዓይነት መለዋወጫ፣ አንድ ዓይነት ልምድ ያለው ሠራተኛ ለአንድ ሺህ ያህል ሎኮሞቲቮች አገለገለ። ከኬ4ዎቹ 350ዎቹ በአልቱና ሲሠሩ 75ቱን የፊላዴልፊያው የባልድዊን ሎኮሞቲቭ ፋብሪካ በ1927 ሠራ።

አሁን ወደ ጋቢናው እንውጣ። በስተቀኝ ነጂው፣ በስተግራ እሳት አንዳጁ። ሎኮሞቲቩ ሲሠራ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሰሉን ወደ ምድጃው የሚከት መሣሪያ አልነበረውም፤ የሚከተው ሰው ነው፣ በአካፋ። የምድጃው ወለል 6.5 ካሬ ሜትር ነው። ከሰሉ በዘፈቀደ ከተጣለ አንዱ ቦታ ይከመራል፣ ሌላው ቦታ ይሳሳና ቀዝቃዛ አየር ያስገባል፤ ያን ጊዜ የእንፋሎቱ ግፊት ይወርዳል፣ ባቡሩም ይዘገያል። አንዳጁ ከሰሉን እንጀራ ጋጋሪ ሊጡን በምጣድ ላይ እንደምታዞረው አድርጎ ዳር እስከ ዳር እኩል ማዳረስ ነበረበት፤ ያውም በሚወዛወዝ ወለል ላይ ቆሞ፣ የምድጃው በር በተከፈተ ቁጥር ወላፈኑ ፊቱን እየገረፈው። ብርቱ ሰው በተከታታይ ሊጥል የሚችለው ከሰል በሰዓት ከሁለት ቶን ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የኬ4 እውነተኛ ወሰን ቦይለሩ ሳይሆን የአንዳጁ ወገብ ነበር። ቦይለሩ ከዚያ የበለጠ ሊያቃጥል ይችል ነበር። በ1930ዎቹ የባቡር ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የፌደራል መንግሥት ኮሚሽን ትላልቅ ሎኮሞቲቮች ሁሉ ከሰል መጋቢ መሣሪያ እንዲገጠምላቸው አዘዘ። በኔ ሚዛን ይህ በኬ4 ላይ ከተደረጉት ለውጦች ሁሉ ለሰው ልጅ ይበልጥ የጠቀመው ነው፤ ያመጣው ግን ግዳጅ እንጂ የኩባንያው ፈቃድ አልነበረም።

ውኃ የሚወስዱበትም መንገድ መነገር አለበት። በየመሥመሩ በተወሰኑ ቦታዎች በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ረጅም ጥልቀት የሌለው ገንዳ ተዘርግቶ ውኃ ይሞላል። ባቡሩ ሳይቆም ይደርሳል፤ አንዳጁ ከጋሪው ሥር ያለውን ማንኪያ መሰል ቱቦ ይለቅቃል፤ በፍጥነቱ ብዛት ውኃው ራሱ በቱቦው ሽቅብ ተገፍቶ ጋሪውን ይሞላል። ማንኪያውን ገንዳው ከማለቁ በፊት ማንሳት ግድ ነበር፤ የዘገየ አንዳጅ ማንኪያውን ያሰብራል። ከገንዳው በሚረጨው ውኃ የፊተኛው ፉርጎ ይታጠባል፤ በክረምት ደግሞ በረዶ ይሆናል። ሁለት ደቂቃ ቆሞ ውኃ ላለመቅዳት ይህን ሁሉ ማድረጋቸው የሩጫው ፉክክር ምን ያህል እንደነበረ ይነግራችኋል።

ፉክክሩ ከኒውዮርክ ሴንትራል ኩባንያ ጋር ነበር። ሁለቱም ከኒውዮርክ ወደ ቺካጎ የሌሊት ባቡር ነበራቸው፤ የፔንሲልቫንያው ብሮድዌይ ሊሚትድ፣ የሌላኛው ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ሊሚትድ። የሴንትራል መንገድ በወንዝና በሐይቅ ዳር የሚሄድ ሜዳ ነው። የፔንሲልቫንያው አጭር ነው፣ 1,460 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ግን ተራራ ይሻገራል። ከአልቱና በስተምዕራብ በ1854 የተከፈተው የፈረስ ኮቴ የመሰለ ጠምዛዛ መንገድ አለ፤ እዚያ ሐዲዱ በየ100 ሜትሩ 1.8 ሜትር ያህል ይወጣል። ይህ ለመኪና ምንም አይደለም፤ ብረት በብረት ላይ ለሚሽከረከር ባቡር ግን ጽኑ ዳገት ነው። ኬ4 ሜዳው ላይ እንደ ልቡ የሚጎትተውን ባቡር እዚህ ብቻውን አይችለውም፤ አጋዥ ሎኮሞቲቭ ይቀጠልለታል። በ1920ዎቹ ጉዞው 20 ሰዓት ይፈጅ ነበር። በ1938 ሁለቱም ኩባንያዎች ወደ 16 ሰዓት አወረዱት።

እንግዲህ ጥያቄው የተለወጠው በነዚህ ዓመታት ነው። ፉርጎዎቹ በዙ፣ ከበዱ፤ የአየር ማቀዝቀዣ ተጨመረላቸው፤ ሰዓቱም አጠረ። ኒውዮርክ ሴንትራል በ1927 ሃድሰን የሚባለውን፣ ከኋላ ሁለት ሳይሆን አራት መንኮራኩሮች ያሉትንና ሰፋ ያለ ምድጃ የሚሸከመውን ሎኮሞቲቭ አወጣ። ፔንሲልቫንያ ግን በ1928 የመጨረሻዎቹን ኬ4ዎች ሠርቶ በ1929 ኬ5 የተባሉ ሁለት ናሙናዎችን ብቻ ሞክሮ ተወው። ከዚያ ወዲያ እስከ 1945 ድረስ ለተደላደለ አገልግሎት የሚሆን አዲስ የመንገደኛ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በብዛት አልሠራም።

ለዚህ ምክንያት ነበረው፤ ስንፍና ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። የኢኮኖሚው ውድቀት መጣ። ገንዘቡ ደግሞ ወደ ኤሌክትሪክ ሄደ። ኩባንያው ከመንግሥት ብድር ጭምር አግኝቶ የኒውዮርክ ዋሽንግተን መሥመርን በ1935፣ እስከ ሃሪስበርግ ያለውን በ1938 በኤሌክትሪክ ሽቦ አለበሰ። ያ ሥራ ከአሜሪካ የባቡር ታሪክ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው፤ መሥመሮቹ ዛሬም ያገለግላሉ። ከምሥራቅ የተረፉት ኬ4ዎች ወደ ምዕራብ ተላኩና እዚያ በዙ። በነጻ የተገኘ ሎኮሞቲቭ እያለ አዲስ መሥራት ማን ይፈቅዳል?

በነጻ የተገኘው ግን በነጻ አይሠራም። አንድ ኬ4 የማይችለውን ባቡር ሁለት ኬ4ዎች ተቀጣጥለው ይጎትቱት ጀመር። ይህ ማለት ሁለት ነጂ፣ ሁለት አንዳጅ፣ ሁለት እሳት፣ ሁለት ጊዜ አመድ መጥረግ፣ ሁለት ጊዜ ቅባት ማጠጣት ማለት ነው። በተራራው ላይ ሦስተኛ ይጨመራል። ተወዳዳሪው ያንን የሚያህል ባቡር በአንድ ሎኮሞቲቭ ይጎትት ነበር። ለአንድ ኪሎ ከሰል ስንት ሥራ ተገኘ ብሎ ከሰል ሲመዝን የኖረው ድርጅት ስለ አንድ ባቡር ስንት ደመወዝ ወጣ ብሎ በዚያው ጥብቅነት ቢመዝን ኖሮ መልሱን የሚወድደው አይመስለኝም።

በ1936 ሌላ ነገር ተሞከረ፤ መልክ። ሬይመንድ ሎዊ የተባለው ዝነኛ የኢንዱስትሪ ንድፍ ባለሙያ የሸክላ ሞዴሎችን በነፋስ መሿለኪያ ውስጥ አስፈትኖ ቁጥር 3768ን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ በለስላሳ ብረት ሸፈነው። ሎኮሞቲቩ ቶርፔዶ መሰለ፤ ብሮድዌይ ሊሚትድን ጎተተ፤ ሕዝቡም ወደደው። የጥገና ሠራተኞች ግን አንድ ቫልቭ ለመንካት ስንት ቆርቆሮ መፍታት ነበረባቸው። ቀስ በቀስ ሽፋኑ ከታች እየተገነጠለ ተነሳ። በኋላ አራት ሌሎችም ቀለል ያለ ሽፋን ለብሰዋል። ከሽፋኑ ይልቅ ትርጉም የነበረው ሥራ በ1939 ሊማ የተባለው ፋብሪካ በቁጥር 5399 ላይ የሠራው ነው። የእንፋሎቱን መግቢያና መውጫ ቫልቮች በአዲስ ዓይነት ለወጠለት፤ በከፍተኛ ፍጥነት ሲፈተን ከተለመደው ኬ4 እጅግ የላቀ ኃይል አወጣ። ያረጀው ሎኮሞቲቭ ውስጥ ገና ያልተነካ አቅም እንደነበረ የታወቀው ከተወለደ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ነው።

ኩባንያው ግን ኬ4ዎቹን እንደ 5399 ማደሱን ትቶ ሩቅ ዘለለ። በ1942 ቲ1 የሚባሉ ሁለት ናሙናዎች መጡ፤ በአንድ ቦይለር ሥር ሁለት የተለያዩ ሞተሮች፣ አራት ሲሊንደሮች፣ በሎዊ የተሳለ ስለታም አፍንጫ። በ1945 እና በ1946 ሃምሳ ተጨማሪ ተሠሩ። ሲሮጡ እጅግ ፈጣን ነበሩ፤ ሲነሱ ግን መንኮራኩሮቻቸው በሐዲዱ ላይ ይከንፉ ነበር፤ ቫልቮቻቸውም ጥገና ያበዙ ነበር። 1737ን ሦስት ዓመት የመዘነው ድርጅት ሃምሳ ቲ1ዎችን ያዘዘው ሁለቱ ናሙናዎች ገና ጉድለታቸው ሳይታረም ነው። በዚያው በ1946፣ በተመሠረተ በመቶኛ ዓመቱ፣ ፔንሲልቫንያ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓመቱን በኪሳራ ዘጋ። ናፍጣ ሎኮሞቲቮች ገቡ። ቲ1ዎቹ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ሁሉም ከሥራ ተነሥተው ኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ፤ ሊተኳቸው የመጡባቸው ኬ4ዎች ግን እነሱን ቀብረው ቀሩ።

የቀሩት ኬ4ዎች መጨረሻቸው የኒውጀርሲ ዳርቻ ሆነ፤ ጠዋት ሠራተኛ ወደ ከተማ፣ ማታ ወደ ቤቱ። እዚያ የደረሰውን አንድ አደጋ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የካቲት 6 ቀን 1951 ምሽት ዘ ብሮከር የተባለው ባቡር ከጀርሲ ሲቲ ሠራተኞችን ጭኖ ወጣ፤ ጎታቹ ኬ4 ቁጥር 2445 ነበር። በዉድብሪጅ ከተማ በአውራ ጎዳና ግንባታ ምክንያት ሐዲዱ በዚያው ቀን ወደ ጊዜያዊ ድልድይ ተዛውሮ ነበር፤ የተፈቀደውም ፍጥነት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። ባቡሩ ከዚያ እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ገባበትና ከሐዲዱ ወጣ። 85 ሰዎች ሞቱ። ስለ ፍጥነቱ ለነጂዎች በጽሑፍ ተነግሯቸው ነበር፤ በሐዲዱ ዳር ግን በጨለማ የሚታይ የማስጠንቀቂያ መብራት አልቆመም። ጥፋቱ የሎኮሞቲቩ አልነበረም። በዚያ ምሽት የጎደለው ጥቂት ብር የሚያወጣ ቢጫ መብራት ነው፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የመጨረሻው ኬ4 አገልግሎት የሰጠው በኅዳር 1957 በዚያው በኒውጀርሲ መሥመር ነው። ከ425ቱ የተረፉት ሁለት ናቸው። ኩባንያው ለታሪክ ሊያስቀምጥ ያሰበው የመጀመሪያውን 1737ን ነበር፤ ሲመረመር ግን ሁኔታው እጅግ የከፋ ሆኖ ስለተገኘ ተቆራረጠ። በምትኩ 3750 ቁጥሩ ተቀይሮ 1737 ተብሎ ቆመ፤ በኋላ ግን ትክክለኛ ቁጥሩ ተመልሶለታል። ዛሬ በስትራስበርግ በሚገኘው የፔንሲልቫንያ ባቡር ሙዚየም ነው። ሁለተኛው 1361 በ1918 የተሠራ ሲሆን ከ1957 ጀምሮ በአልቱናው ጠምዛዛ ዳገት ላይ ለሕዝብ እይታ ቆሞ፣ በረዶና ዝናብ ሲወርድበት ሃያ ስምንት ዓመት ኖረ። በ1985 ወረደና ተጠግኖ በ1987 እንደገና በእንፋሎት ሮጠ። የፔንሲልቫንያ ግዛት ምክር ቤትም በዚያው ዓመት ሁለቱን የግዛቱ ሎኮሞቲቮች አድርጎ በሕግ ሰየማቸው። በ1988 ግን የነጂ መንኮራኩሩ ክፍል ተበላሽቶ ቆመ። ከዚያ በኋላ የተጀመረው እድሳት አሥርተ ዓመታት ፈጅቷል፤ ከሥራው ሁሉ ከባዱም ያ ጠፍጣፋ አናት ያለው የቤልፔር ምድጃ ነው። ብረቱን በዚያ ቅርጽ ማጠፍና ቀጥ ያሉትን ብሎኖች በመቶዎች አስልቶ መትከል የሚያውቁት የጁኒያታ ሠራተኞች አሁን የሉም፤ ሥራውን የያዙት ሰዎች ከአሮጌው ንድፍ ላይ እያነበቡና በዛሬው የቦይለር ደኅንነት ሕግ እያሰሉ እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው።